«በግል ጉዳይ» ብለሽ እንዳትፈርሚ

የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን ቤት መጣችና «እትዬ፣ አለቃዬ በትንኮሳ አላስቀምጥ ብሎኛል። ዝም ብዬ ብለቅ አይሻልም?» አለችኝ። ደብዳቤውን ጽፋ ጨርሳዋለች። «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። ሳነበው ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም። ይህንኑ ወረቀት ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። (የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።)

ጡረታ እስክወጣ ሥራዬ ደመወዝ ክፍል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንዲት ታይፒስት ተቀጠረች። ፊደል የማትስት፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ነበረች።

የድሬን ምሳ ሰዓት ታውቁታላችሁ። ፀሐዩ አናት ሲበሳ ቢሮ ይዘጋል። ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። ከተማው ጭር ይላል። የአለቃዋ «አስቸኳይ ደብዳቤ» የሚመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ልጅቷ በሩ እንዳይዘጋ አንድ እሽግ ወረቀት ሥሩ ትወትፋለች። እሱ ሲገባ በጫማው ገፋ ያደርገዋል። ተነስታ ትመልሰዋለች። ደግሞ ይገፋዋል። ቢሮው ውስጥ «ቀልደኛ ነው» ነበር የሚባለው። እኛ ድሬዎች አንቱታ አናበዛም፣ ጨዋታም እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። በዚህ ሰውዬ ቀልድ ግን ከራሱ በቀር የሚስቅ አላየሁም።

አንድ ቀን ሽማግሌው ዘበኛችን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ የሚቀመጡባትን ዱካ ከግቢው በር አንስተው ኮሪደሩ ላይ አረፉ። ጫታቸውን ይቀነጥሳሉ፣ ሻያቸውን ከፔርሙዝ ይቀዳሉ፣ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ንቅንቅ የለም። አለቃው «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሲላቸው «ጥላው እዚህ ይሻላል ጌታዬ» አሉት። ልጅቷ ትንሽ ተነፈሰች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ወደ መጋዘን ተዛወሩ። የዝውውራቸውን ደብዳቤ እንድትተይብ ያዘዘው እሷኑ ነው።

ቀጥሎ ከሥራ ገበታ ትቀሪያለሽ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣባት። ከዚያ ለቀቀች። የመጨረሻ ደመወዟን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ፋይሏም በእጄ አልፏል። ያለው ማስጠንቀቂያውና «በግል ጉዳይ» የሚለው ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለ በሩም ስለ ዘበኛውም አንድ መስመር የለም። ጅቡቲ ሄደች ሲባል ሰማሁ። እሱ ሽኝት ተደርጎለት፣ ስጦታ ተሰጥቶት ጡረታ ወጣ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያኔ የሠራተኛ ሕጉ ትንኮሳን በስሙ አይጠራም ነበር። አሁን ይጠራል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳ ለማለት እጅ መንካት የለበትም፣ ቃልም ምልክትም ይበቃል። የተነኮሰሽ አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀሽ፣ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ነገሩ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልቀቅ አለብሽ። «በግል ጉዳይ» ብለሽ ከፈረምሽ ደግሞ በገዛ እጅሽ መከራከሪያውን ሰጠሽው። በሥልጣኑ ተጠቅሞ ፈቃዱን ለፈጸመ አለቃ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 አለ፣ እሱም የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩበት አዋጅ ሌላ ነው፣ እሱን ጠይቁ።

የዛሬ ልጆች ይገርሙኛል። ቲክቶክ ላይ ሰዓት ሙሉ ታወራላችሁ፣ ለመዝገብ ቤት ሁለት መስመር መጻፍ ግን ይከብዳችኋል። ጩኸት አልወድም። እንዲህ ስል ደግሞ መጋላ ገበያ ያየኋት ጫት ሻጭ ትዝ ትለኛለች። አንዱ ጎረምሳ አላፊዋን ልጅ ከኋላ ሲነካት፣ ጫቷን የምትረጭበትን ጣሳ ሙሉ ውሃ አናቱ ላይ ደፋችበት። እሷ እየጮኸች፣ ተራው ሁሉ እየሳቀበት ሮጦ ጠፋ። እንዲህ ያለውንስ ጩኸት ወድጄዋለሁ። ግን ቢሮ ውስጥ ያቺ ሴትዮ የለችም።

ወንዶቹ፣ ለእናንተ ብዙ የምለው የለኝም። ዱካችሁን አንሱና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።

የጎረቤቴን ልጅ ደብዳቤ አብረን እንደገና ጻፍነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያላትን ቃል እንዳለ፣ በቦታው ማን እንደነበረ። እናቷ «ስሟን ልታጠፊው ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ሊወራ ይችላል፣ አልዋሻትም። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ማህተም ይምታበት። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳ በሪኮማንዴ፣ በአደራ ደብዳቤ ማለቴ ነው፣ ትላከው፣ ደረሰኙን ግን እኔ ጋ ታስቀምጥ።