የኤድንብራ ፍሪንጅን ማየት ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ

በየዓመቱ ኦገስት የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ፍሪንጅ በተባለው የትርኢት ፌስቲቫል ለ25 ቀን ያህል ከዳር እስከ ዳር መድረክ ትሆናለች። ጥያቄዎቻችሁን በየተራ እመልሳለሁ።

ፍሪንጅ የሚባለው ከዋናው የኤድንብራ ፌስቲቫል ጋር አንድ ነው? ሥራዎቹንስ ማን ይመርጣል?

አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓለም አቀፉ ፌስቲቫል ሲጀመር ስምንት የቴአትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጥተው በየራሳቸው አዳራሽ ሠሩ። ፍሪንጅ ዳር፣ ጠርዝ ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ዛሬም መራጭ ኮሚቴ የለም፤ አዳራሽ ያገኘና ምዝገባውን የጨረሰ ሁሉ ያሳያል። ከ3,000 በላይ ዝግጅት ስለሚቀርብ ድንቅ ሥራና ገና ያልበሰለ ሥራ ግድግዳ ተጋርተው ታገኟቸዋላችሁ። የሚመርጠው ተመልካቹ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው።

ወንድሜ፣ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። በመኖሪያ ፈቃዴ እገባለሁ?

አትገባም። የሼንገን መኖሪያ ፈቃድም ሆነ የአሜሪካ ግሪን ካርድ የብሪታንያን የጎብኚ ቪዛ አይተካም። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው 3 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፤ መልሱ በተለምዶ 3 ሳምንት ይወስዳል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ማረፊያ የምትይዘው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። የጀርመን፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ባያስፈልገውም ኢቲኤ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ከመነሳቱ በፊት ማውጣት አለበት። ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር ስለሚታሰር ፓስፖርት የቀየረ እንደገና ያወጣል።

ማረፊያው እሳት ሆነብኝ። ምን ይሻላል?

ከየካቲት በፊት መያዝ። ዩኒቨርሲቲው በእረፍት ወራት የተማሪ መኝታ ክፍሎችን ያከራያል፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ። ሊዝና ፖርቶቤሎ ሠፈር አድሮ በአውቶቡስ መግባትም ይቻላል። ግላስጎ ማደር ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ባቡሩ 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳታዩ የማታ ትኬት አትግዙ።

በቀን ስድስት ትርኢት ማየት ይቻላል?

አራት ይበቃል። አብዛኛው ትርኢት ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ስለሆነ ወረቀት ላይ ስድስቱም ይገጥማሉ፤ ችግሩ መሐሉ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቡድን ስለሚቀባበልበት የፊተኛው ሲዘገይ የኋላው ይገፋል። ዘግይቶ የመጣ ደግሞ በብዙ አዳራሽ አይገባም፤ በሩ መድረኩ ሥር የሚከፈትባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። ገንዘቡም አይመለስም።

ስለዚህ ቀናችሁን በሠፈር ክፈሉት። በአንድ ሠፈር ውስጥ ከሆነ በሁለት ትርኢት መካከል 30 ደቂቃ፣ ከአሮጌው ከተማ ወደ አዲሱ ከተማ የምትሻገሩ ከሆነ አንድ ሰዓት ተዉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። አሴምብሊ ጆርጅ ስኩዌር ዩኒቨርሲቲው ሠፈር ነው፤ አሴምብሊ ሩምስ ያለበት ጆርጅ ስትሪት ግን ከተማውን አቋርጦ ወዲያ ማዶ ነው። ፕሌዛንስ ኮርትያርድና ፕሌዛንስ ዶምም ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ካርታው ላይ ሳውዝ ብሪጅና ካውጌት መስቀለኛ መንገድ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ሳውዝ ብሪጅ ከካውጌት በላይ የሚያልፍ ድልድይ ነው። ስልካችሁ ደርሳችኋል ይላል፤ እናንተ ግን አዳራሹ ያለበትን መንገድ ከላይ ቁልቁል እያያችሁ ነው። መውረጃው በብሌየር ስትሪት ወይም በኒድሪ ስትሪት ዞሮ ነው፣ አስፋልቱም ቁልቁለት ነው።

እናቴን ይዤ ነው የምመጣው፤ ደረጃ ይከብዳታል።

እንግዲያው ካውጌትን ተዪው፣ እህቴ። ጆርጅ ስኩዌርና ብሪስቶ ስኩዌር ሜዳማና እርስ በርስ የተጠጉ ናቸው፤ መቀመጫና ምግብም እዚያው አለ። ደረጃ ያለውና የሌለው አዳራሽ በየትርኢቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል፤ የፍሪንጅ ትኬት ቢሮም ለእንዲህ ዓይነት እርዳታ የተመደቡ ሠራተኞች አሉት።

ርካሽ ትኬት እንዴት ይገኛል?

ከመክፈቻው በፊትና በመክፈቻው ሰሞን ያሉት የሙከራ ቀናት ቅናሽ አላቸው፤ በመጀመሪያው ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ብዙ ትርኢቶች ሁለት ትኬት በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ነጻ የሚባሉት ትርኢቶች በር ላይ አያስከፍሉም፤ መጨረሻ ላይ ባልዲ ይዘረጋል። 5 ወይም 10 ፓውንድ ጣሉ፤ ለብዙዎቹ አርቲስቶች ገቢያቸው ያው ባልዲ ነው። ወንበሩ ለቀደመ ስለሆነ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ተሰለፉ።

ከዚህ ሁሉ መሐል ምን ልይ?

አዲስ ተውኔት ለወደደ ትራቨርስ ቴአትር። ዘ ስኮትስማን ጋዜጣ ለአዳዲስ ተውኔቶች ፍሪንጅ ፈርስት የተባለ ሽልማት ይሰጣል፤ የተሸለሙት ስም እንደወጣ ትኬት ያዙ፣ ቶሎ ያልቃል። ሮያል ማይል በተባለው የአሮጌው ከተማ ዋና መንገድ ላይ የትርኢት ማስታወቂያ ወረቀት የሚያድሉትን አትለፏቸው፤ ብዙ ጊዜ ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸውና ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። ሰርከስ ከወደዳችሁ ሜዶውስ የሚባለው መስክ ላይ ድንኳኖች ይተከላሉ። የእኛው ሰርከስ አቢሲኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ሠርቷል፣ በኋላም በደራርቱ ቱሉ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ትርኢት ይዞ ተመልሷል።

ፍልሰታን የምጾም ሰው ምን ይበላል?

ጾሙ ኦገስት 7 ስለሚገባ ከፌስቲቫሉ ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ቪጋን ብላችሁ ጠይቁ፣ በየቦታው አለ። ቬጀቴሪያን ካላችሁ ግን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል። ከሁሉ በላይ ድንች ጥብስ ላይ ተጠንቀቁ፤ በስኮትላንድ የዓሣ ጥብስ ቤቶች በበሬ ሞራ መጥበስ የተለመደ ነው።

ትኬቴ ላይ 19:10 ይላል።

ከምሽቱ 1:10 ማለት ነው።

ልብስስ?

ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት። ዣንጥላ ለነፋሱ አይመችም። ከሥሩ ስስ ልብስ ልበሱ፤ ድልድዮቹ ሥር ያሉት የድንጋይ ክፍሎች ሰው ሲሞላባቸው ይታፈናሉ።

ኮሜዲ ላይ ፊት ብቀመጥ ያናግሩኛል?

አዎ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ መጠየቁ አይቀርም። ካልፈለጋችሁ ሦስተኛው ረድፍ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ።