ስለ ታይሮይድ ዐይንና ስለ ቆብ ኦፕራሲዮን የጠየቃችሁኝ

እሺ፣ ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ለማታውቁኝ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የዐይን ኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። የራሴ ሁለቱም የላይኛው የዐይን ቆብ ከተሠራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሐኪም አይደለሁም፣ እሱን እንዳትረሱት።

ጥ፦ እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ዐይኑ ይፈጣል እንዴ?

አይፈጥም። እኛ አገር ደጋ ላይ የምናውቀው እንቅርት በብዛት ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ ነው። ዐይን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው። ሰውነት የራሱን ታይሮይድ፣ ማለት አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ያጠቃል፤ ያው ጥቃት ከዐይን ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻም ያሳብጣል። ታይሮይድ ዐይን የምንለው ይህን ነው።

ጥ፦ ኦፕራሲዮኑ ዐይኔን ማርገብገብ ያስቸግረኛል ብለው አስፈራሩኝ። እውነት ነው?

እህቴ፣ መጀመሪያ አሁን በደንብ ታርገበግቢያለሽ ወይ? ቆቡን የሚዘጋው ጡንቻ ሌላ፣ የሚያነሳው ሌላ ነው። ስናርገበግብ የሚያነሳው ይለቃል፣ ወዲያው የሚዘጋው ይስባል። በዚህ በሽታ ግን የሚያነሳው ይደድራል፣ ጠባሳ ይይዛል፣ አልለቅም ይላል። ቆቡ ግማሽ መንገድ ወርዶ ይመለሳል። አንቺ ያርገበገብሽ ይመስልሻል፣ የዐይንሽ የታችኛው ክፍል ግን እንባ አልደረሰውም። አሸዋ የገባ የሚመስልሽ፣ ንፋስ ሲመታሽ ደግሞ እንባው ዱብ ዱብ የሚለው ለዚህ ነው። ቆብሽ ወደ ላይ ስለተሳበ ሳታውቂው የምታፈጪ ትመስያለሽ፣ ሰው «ምን ታፈጪብኛለሽ» የሚልሽም ለዚህ ነው።

ኦፕራሲዮኑ የሚያላላው ይህንኑ አልለቅም ያለውን ጡንቻ ነው። የሚዘጋው ጡንቻና ነርቩ በቦታቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ከበፊቱ የተሻለ ይከድናል። ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትፍረጂበት። ያብጣል፣ በተለይ በቆዳ በኩል ከተገባ የሚዘጋውም ጡንቻ ስለሚሰነጠቅ ለጊዜው ይደክማል። የኔ ግራው ለሦስት ሳምንት ያህል ከቀኙ ዘግይቶ ነበር የሚወርደው፣ ባሌ «እየጠቀስሽኝ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ሌላው፣ ዐይኑ ራሱ በጣም ወጥቶ ከሆነ ቆቡን ብቻ ማላላት አይበቃም።

ጥ፦ ሙሉ በሙሉ ማርገብገቤን በምን ልወቅ?

ሳትዘጋጂ አንድ ሰው በስልክ በስሎው ሞሽን (በዝግታ በሚታይ ቪዲዮ) ይቅረጽሽ። ቆቦቹ ይገናኛሉ ወይ? ማታ ስትተኚም በትንሽ መብራት ይዩሽ፤ ነጩ ከታየ ለሐኪምሽ ንገሪው። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ክሊኒክ «አለርጂ ነው» እያለ ስምንት ወር ሙሉ ጠብታ አይለዋውጥብኝም ነበር።

ጥ፦ ለምን ቶሎ አይሠሩኝም? መልኬ አስጠላኝ።

ይገባኛል ወንድሜ። ግን በሽታው ገና እየነደደ ከሆነ ዛሬ የተስተካከለው ቆብ ነገ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ያህል ረግቶ እስኪቆይ ይጠበቃል። ኦፕራሲዮኑ ተራም አለው፦ ዐይኑ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ የሁለት ሁለት ማየቱ፣ ቆብ መጨረሻ። ምክንያቱም የፊተኞቹ ሁለቱ የቆቡን ቁመት ይለውጡታል። የማይጠበቅ ነገርም አለ። ቀለም ከደበዘዘብህ፣ ማየት ከቀነሰ ወይም ዐይንህ አልከደን ብሎ ከቆሰለ የዚያኑ ቀን ሂድ።

ጥ፦ ነቅቼ ነው የሚሠሩኝ?!

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ቦታው ይደነዝዛል፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጥሻል። ነቅተሽ የምትሠሪው «ክፈቺ፣ ቀና በይ፣ ወደ ታች እዪ» እያሉ ቁመቱን እንዲለኩ ነው። አንዳንዴ አስቀምጠው ያዩሻል። የመርፌው መውጋት ያማል፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ መጎተት ብቻ ነው።

ጥ፦ ጅዳ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ውስጥ ነው የምውለው።

ኤሲው ፊትሽ ላይ እንዳይነፍስ አድርጊ። እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል (ፕሪዘርቫቲቭ) የሌለበት አርቴፊሻል እንባ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ማታ ወፈር ያለ የዐይን ቅባት። ስልክ ላይ ስናፈጥ ማርገብገባችን ይቀንሳል፣ ስለዚህ በየመሃሉ ቀስ ብለሽ ጨፍኚ፣ ሁለት ሰከንድ ያዢ፣ ክፈቺ።

ጥ፦ ሲጋራ?

አቁም። ሌላ መልስ የለኝም። ይህን ዐይን የሚያባብስ፣ በእጃችን ያለ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ጥ፦ አዲሱ መድኃኒትስ?

ቴፕሮቱሙማብ ማለትህ ነው። አሜሪካ በ2020 ነው የተፈቀደው። በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። የወጣ ዐይን ይመልሳል፣ ግን ጆሮ ሊጎዳና ስኳር ሊጨምር ይችላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ከእሱ በኋላም ቆባቸውን የሚሠሩ አሉ።

ጥ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናቸው፣ የት ልውሰዳቸው?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፣ ከዚያ ጀምሩ። «የቆብና የዐይን ዙሪያ ሐኪም» ብላችሁ ጠይቁ፣ ኦኩሎፕላስቲክ ይባላል። የታይሮይድ ምርመራቸውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥ፦ ሁለቱ ዐይኖቼ እኩል ይሆናሉ?

ይቀራረባሉ። ድጋሚ መሠራትም ብርቅ አይደለም። የኔ ቀኙ አሁንም ከግራው ከፍ ይላል፣ ካልነገርኩት ግን ማንም አያየውም።