የሙያ ምክር፦ የመንግሥትን ሰነድ ማንበብ እንጀራ ይሆናል?

ከመንዝ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ደብዳቤሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ ሥራ ሳታገኚ ከወላጆችሽ ጋር ተቀምጠሻል። የሰፈራችሁ እናቶች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ ከፍለው ሳለ፣ ጤና ጣቢያ ያዘዘላቸውን መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት በኪሳቸው ሲገዙ አየሽ። ደረሰኞቻቸውን ሰብስበሽ በኤክሴል አሰፈርሽ። በእድራችሁ በኩል ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገራችሁ፤ ሰውየውም በቅን ልቦና አዳመጣችሁ። አሁን «ይህ ነገር ሙያ ሆኖ ያኖረኛል ወይ? ለዚህ ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥልጠና ከፍዬ ልማር ወይ?» ትያለሽ። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ከመንግሥት ጋር አትነካኪ» እያለ ይመክርሻል።

ሙያ ነው፤ ያኖራልም። ሥልጠናውን ግን ለጊዜው አቆዪው።

የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ብቻውን ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የወረዳው በጀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቅበት ክረምት ሊያልፍበት ይችላል። መልስ የሚገኘው አንድ ሰው በወረቀቱ የሰፈረውን መሬት ላይ ካለው ጋር ሲያስተያይና ልዩነቱን መልስ የመስጠት ግዴታ ወዳለበት ኃላፊ ይዞ ሲቀርብ ነው። በዞናችን የጠፋው ይህን የሚያደርግ ሰው ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ይወጣል።

የኡጋንዳን ነገር ልንገርሽ። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይመድብ ነበር። ባለሙያዎች የማዕከሉን የወጪ መዝገብ ከትምህርት ቤቶቹ መዝገብ ጋር ሲያመሳክሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 በነበሩት ዓመታት ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ ከተመደበው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚለቀቀው ገንዘብ በጋዜጣ ይወጣ፣ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን ይለጥፉ ጀመር። በዚያው አቆጣጠር በ2001 የደረሰው ድርሻ ከ80 በመቶ አለፈ። ለውጡ ምን ያህል የጋዜጣው፣ ምን ያህል የሌሎች ማሻሻያዎች ውጤት ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። አንቺ ልታዪልኝ የምፈልገው ግን የሥራውን መነሻ ነው። ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር።

በህንድ ራጃስታን ደግሞ ኤምኬኤስኤስ የተባለ የገበሬዎችና የሠራተኞች ማኅበር በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የመንደር ስብሰባ እየጠራ፣ የመንግሥት ሥራ የቀን ሠራተኞች የክፍያ ዝርዝር በሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያደርግ ነበር። ተከፈለው የተባለው ሰው እዚያው ተነሥቶ «እኔ አልተቀበልኩም» ይላል። በ2005 የወጣውን የአገሪቱን የመረጃ መብት ሕግ ካስገኙ ግፊቶች አንዱ ይህ እንቅስቃሴ ነው። እዚህ ላይ የእድራችሁን ገንዘብ ያዥ አስቢ፤ ገቢና ወጪውን በአባላቱ ፊት ሲያነብ ማንም እንደ ተሰደበ አይቆጥረውም። የመንግሥትንም ሒሳብ በዚያው መንፈስ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ራስሽ ሥራ ልመለስ፤ የሙያው ቁም ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነውና። ደረሰኞቹ አባላት ከውጭ መግዛታቸውን ያሳያሉ። ለምን እንደገዙ ግን አይናገሩም። ጤና ጣቢያው በጊዜ ሳያዝዝ ቀርቶ ይሆናል። አዝዞም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እጅ ላይ መድኃኒቱ አልነበረ ይሆናል። ወይም የወረዳው የመድኅን ክፍያ ዘግይቶበት ጤና ጣቢያው መግዣ አጥቶ ይሆናል። ሦስቱን የሚመልሱት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ ቅሬታ ጠቅልለሽ ካቀረብሽ አንዱ ወደ ሌላው እየገፋ ያመላልስሻል። ስለዚህ በየደረሰኙ ያለውን ቀንና የመድኃኒት ስም ከመድኃኒት ክፍሉ ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚመዘገብበት ካርድ ጋር አስተያዪ። በዚያ ቀን የካርዱ ቀሪ ዜሮ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚታየው ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያዝዝበት የመጠየቂያ ቅጽ መቼና ስንት ብሎ እንደተላከ ነው። ቅጹ በጊዜው ተልኮ ከሆነ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አጋርሽ ይሆናል፤ አብራችሁ ወደ ወረዳ ትጠይቃላችሁ። ካርዱ «አለ» እያለ ሰው ከውጭ ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። የመድኃኒት ስም የሰውን ሕመም ይናገራል። ሠንጠረዡ ውስጥ የእናቶቹ ስም አይግባ፤ በቁጥር ተኪው፤ ቁጥሩንና ስሙን የሚያገናኘውን ዝርዝር ለብቻው አስቀምጪ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን ጉዳይ የሕግ ጉዳይ አድርጎታል። ባያደርገውም እንኳ የጎረቤት ምሥጢር ነው። ተጠያቂ ልናደርግ የምንፈልገው ቢሮን ነው፤ የታመመች እናት ስም በየሰዉ ስልክ ከተዘዋወረ ሥራው ከተነሣበት ዓላማ ወጥቷል።

የስታቲስቲክስ ትምህርትሽ ዋጋ የሚያወጣው ሰው የማያስተውላቸውን ወጥመዶች ስታዪ ነው። የአገራችን ሰነዶች ውስጥ «ሰሜን ሸዋ» የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ የአማራ፣ ሌላው የኦሮሚያ። የስታቲስቲክስ ሰነዶች ሁለቱን የሚለዩት በክልሉ ቁጥር ነው፤ አማራ 3፣ ኦሮሚያ 4። ቁጥሩን ሳያይ ዝርዝር የሚገለብጥ ሰው የኦሮሚያውን ዞን ዋና ከተማ የፍቼን ለአማራው ለደብረ ብርሃን ይሰጣል። የራስሽንም አገር ተመልከቺ። በ1987ቱ ቆጠራ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል አንድ ወረዳ ነበሩ፤ ማማ ምድርና ላሎም እንዲሁ። በ1999ኙ ቆጠራ መንዝ ጌራ፣ መንዝ ቀያ፣ መንዝ ማማ እና መንዝ ላሎ ተብለው ለየብቻቸው ቀረቡ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ቆጠራዎች አስተያይቶ «የመንዝ ሕዝብ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንቺ ግን የአገሩ ልጅ ስለሆንሽ አትሳሳቺም። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደም፣ «በነፍስ ወከፍ» የሚል ስሌት ሁሉ በትንበያ ላይ የቆመ መሆኑን በግልጽ ጻፊ።

የበጀት ዓመትም ያሳስታል። የ2016 በጀት የሚባለው ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያለው ነው፤ የትምህርት ዘመን ግን በመስከረም ይጀምራል፤ የውጭ ድርጅት ሪፖርት ደግሞ በአውሮፓውያን ዓመት ይጻፋል። ሦስቱን ሳታስማሚ አንድ መስመር ላይ አታስቀምጫቸው። የወረዳ በጀት ስታነቢም መጀመሪያ ደመወዙን፣ ቀጥሎ ሥራ ማስኬጃውን፣ ከዚያ ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ የሚወጣውን ካፒታሉን ለይተሽ እዪ። አብዛኛው በጀት ደመወዝ ነው። «ጤና ይህን ያህል ሚሊዮን ተመድቦለት መድኃኒት የለም» የሚል ሰው ይህን ካልለየ፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ እንኳ የሚሰማው ያጣል።

ሥራው የት አለ ትያለሽ። «የመንግሥት ሰነድ አንባቢ» የሚል የሥራ መደብ ስም ፈልገሽ በማስታወቂያ አታገኚም። የሚወጣው «የክትትልና ግምገማ ባለሙያ»፣ «የዕቅድና በጀት ባለሙያ»፣ «ኦዲተር»፣ «የማኅበራዊ ተጠያቂነት አስተባባሪ» እየተባለ ነው። የመጨረሻው ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን ከተሞከረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም የመጣ ነው። ተጠቃሚዎች ስለ አገልግሎቱ ደረጃና ስለ መብታቸው አስቀድመው ይማራሉ፤ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አካል ጉዳተኞች በየቡድናቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ አገልግሎት ሰጪዎችም ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝተው የጋራ የማሻሻያ ዕቅድ ይፈርማሉ። አንቺ በእድራችሁ ያደረግሽው፣ ስሙን ሳታውቂው፣ የዚህ አጋማሽ ነው። የቀረሽ የተፈረመው ዕቅድና ክትትሉ ነው።

የእኔ ምክር ግን በመያድ (መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት) አትጀምሪ የሚል ነው። ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. የነበረው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ ስለገደበው ዘርፉ ብዙ ልምድ ያለው ሰው አላፈራም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡ ተነሣ። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድዖ ድርጅት ገንዘብ ሲቋረጥ የክትትልና ግምገማ ሥራዎች አብረው ተዘጉ። በሌላ አገር ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ላይ የመጀመሪያ እግርሽን አታሳርፊ።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ያህል የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ የጤና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ክፍል ወይም ኦዲት ውስጥ ተቀጠሪ። ደመወዙ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከወላጆችሽ ጋር ስለምትኖሪ ግን ልትችዪው ትችያለሽ። አንድ ሰነድ ከማን ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በማን ፊርማ አልፎ፣ የት እንደሚቀር የሚታወቀው ከውስጥ ነው። ጥሩ የሠራ ባለሙያ ደግሞ ምን ያህል እንደሚደክም ታያለሽ፤ ይህን ያየ ሰው በኋላ ከውጭ ሆኖ ሲጠይቅ ፍትሐዊ ይሆናል። ቅጥሩን እየጠበቅሽ ኮቦ ቱልቦክስን በነፃ ተለማመጂ፤ በስልክ የመጠይቅ መረጃ መሰብሰቢያ ሲሆን ብዙ ማስታወቂያዎች ላይ ይጠየቃል። ኤክሴልን ጠንቅቀሽ እወቂ። የአዲስ አበባው ሥልጠና ከዚያ በኋላ ቢመጣ ይጠቅምሻል፤ ያን ጊዜ ምን ልትሠሪበት እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽን አትናቂው። በዞናችን ባለው የጸጥታ ችግር መሐል እህቱ ወረቀት ይዛ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር የማይጨነቅ ወንድም የለም። መንገድ ያላመነሽ ቀን ከቤትሽ አትውጪ፤ ሠንጠረዥሽ አይሸሽም። ሕጉን ግን አሳዪው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን መብት ይዟል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ለጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ያልረካ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል።

አሠራሩ ላይ ጥንቁቅ ሁኚ። በቃል አትጠይቂ። ደብዳቤው በእድሩ ስም፣ በእድሩ ማኅተም ይጻፍ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ቀን የተመታበትን ቀሪ ያዢ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። የምትጠይቂው ሰነድ በስሙ ይጠራ፦ የዚህ በጀት ዓመት የመድኃኒት ግዥ፣ የመጠየቂያ ቅጾች፣ ከመድኅኑ የተከፈለው ሒሳብና የተከፈለበት ቀን። «ሙስና» የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ አይኑር። እስካሁን የምታውቂው ደረሰኝ መኖሩን ብቻ ነው፤ ያላረጋገጥሽው ክስ ሰውንም ይጎዳል፣ እናንተንም ያጋልጣል።

የሥራ ማመልከቻሽን ከደብዳቤሽ ጋር ልከሽልኛል። «በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰጥቻለሁ» የሚለውን መስመር ሰርዢው፤ ምንም አይናገርም። በምትኩ ስንት አባወራና እማወራ ደረሰኝ እንደሰጡሽ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚሸፍን፣ በምን እንዳመሳከርሽውና ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ምን እንደተነጋገራችሁ በሁለት መስመር ጻፊ። የሰው ስም የሌለበትን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አትሚና ከማመልከቻው ጋር አያይዢው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤትም ሆነ የኦዲት ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ያንን ገጽ አንሥተው ይጠይቁሻል፤ እያንዳንዱ አኃዝ ከየት እንደመጣ ለመመለስ ተዘጋጅተሽ ግቢ።