መልስ፦ ከኪሊማንጃሮ በቀጥታ ወደ ማናስሉ
ኪሊማንጃሮን ስለወጡ በመስከረም ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ኔፓል ውስጥ የሚገኘውን የማናስሉ ተራራ መሞከር ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በቀጥታ አይሂዱ። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ቢደርስም በእግር የሚወጣ ሲሆን፣ 8,163 ሜትር ከፍታ ባለው ማናስሉ ላይ ግን ክራምፖን፣ ማለትም ከጫማ ሥር የሚታሰር ሹል ብረት፣ አድርገው በተዘረጋ ገመድ ለብዙ ሰዓታት መውጣትና መውረድ ግድ ይልዎታል፤ ይህን እዚያው እማራለሁ ማለት አያዋጣም።

አስቀድመው እዚያው ኔፓል ውስጥ ሜራ ፒክን (6,476 ሜትር) ይውጡ። ለማናስሉ ሲመዘገቡም ክፍያው ስንት የኦክስጅን ሲሊንደር እንደሚያካትት፣ ሼርፓውም፣ ማለትም አብሮዎት የሚወጣው የአካባቢው የተራራ መሪና ረዳት፣ ለእርስዎ ብቻ የተመደበ ስለመሆኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።

የእኔ ኢንሹራንስ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ወጪን የሚሸፍነው እስከ 6,000 ሜትር ብቻ መሆኑን ያነበብኩት ካትማንዱ ከደረስኩ በኋላ ነበር፤ እርስዎ የውሉን የከፍታ ገደብ ከመክፈልዎ በፊት ይመልከቱ።