ልጄ ኢንስታግራሙን ይዝጋ ወይስ አይዝጋ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን እግር ኳስ ይጫወታል፤ በኮሌጅ ደረጃ ለመጫወትም ብርቱ ምኞት አለው። አሠልጣኙ በወላጆች ስብሰባ ላይ «የኮሌጅ አሠልጣኞች የልጆቻችሁን ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያያሉ» ብሎ ከነገረን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ሁሉንም እንዲዘጋው እለምነዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ከዘጋሁት ማን ያየኛል?» ይለኛል። ከዚያም አልፎ የጨዋታውን ቪዲዮ በለጠፈ ቁጥር ደስታዬን ከሥሩ ስጽፍለት «እማዬ፣ እባክሽ አትጻፊ» ብሎ ይቆጣኛል። ማናችን ነን ትክክል? — አንዲት እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ ገጹን ባለመዝጋቱ ልጅዎ ትክክል ነው፤ የእርስዎም ስጋት ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አንድ አሠልጣኝ ከማያውቀው ተጫዋች ኢሜይል ሲደርሰው ብዙ ጊዜ የልጁን ስም ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ እዚያ የሚያገኘውም ልጁ ኳስ እንዴት እንደሚያንሸራሽር ብቻ ሳይሆን ሲሸነፍ ምን እንደሚል፣ የቡድን ጓደኞቹን በምን ቋንቋ እንደሚጠራ፣ በዳኛ ላይ ምን እንደሚጽፍ ጭምር ነው። ገጹ ባዶ ከሆነ ወይም ከሌለ ይህ ሁሉ ለልጁ ሊመሰክርለት የሚችልበት ዕድል አብሮ ይቀራል።

በመጀመሪያ ግን ጊዜውን ይወቁ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ ለዲቪዥን 1 ባወጣው ደንብ መሠረት የእግር ኳስ አሠልጣኞች ለአንድ ተጫዋች በግል መልእክት መላክ ወይም ስልክ መደወል የሚችሉት 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ ቀኑ እንደ ስፖርቱ ዓይነት ይለያያል፣ በሦስተኛው ደረጃ በዲቪዥን 3 ያለው ደንብም ከዚህ የላላ ነው። ልጅዎ ግን ከዚያ ቀን በፊትም ለአሠልጣኞች ከመጻፍ የሚከለክለው ነገር የለም። ስለዚህ አሁን ጽፎ መልስ ቢያጣ አልፈለጉኝም ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይንገሩት፤ አሠልጣኙ መልስ ያልሰጠው ደንቡ ስላሰረው ሊሆን ይችላል። ከኦገስት 2016 ጀምሮ አሠልጣኞች የተጫዋቾችን ፖስት ላይክ ማድረግና ሼር ማድረግ ተፈቅዶላቸዋል፤ ልጁ ለኮሌጁ ለመጫወት ከመፈረሙ በፊት ግን በአደባባይ ኮሜንት መጻፍ አይችሉም። በመሆኑም አንዲት ላይክ ብትገኝ አሠልጣኙ ገጹን ማየቱን ታመለክታለች እንጂ የስኮላርሺፕ ቃል አይደለችም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ጽዳት ነው፤ ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወላጅ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ራሱ መሰረዝ ይጀምራል። እኔ አብሮ ተቀምጦ ማየትን እመርጣለሁ። በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ልጅ ጋር ስልኩን መሐላችን አድርገን ከአዲሱ ፖስት ተነሥተን 13 ዓመቱ ላይ እስከለጠፈው ድረስ ወረድን። አንድ ቪዲዮ ላይ ቆምን፤ ሁለት ተከላካዮችን አልፎ በግራ እግሩ ያስቆጠራት ውብ ጎል ናት። ከሥሯ የተጻፈው ግን መሬት ላይ በወደቀው ተከላካይ ላይ የሚያላግጥ ነበር። «ሁሉም እኮ ስቀዋል» አለኝ። ቪዲዮውን ደግመን አየነውና «አራት ዓመት አንድ መልበሻ ክፍል ሊያካፍልህ የሚያስብ ሰው ይህን ሲያነብ ስላንተ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ጽሑፉን አጥፍቶ በምትኩ ኳሷን ላቀበለው ልጅ የምስጋና ቃል ጻፈ። ጎሏ እንዳለች ናት፤ አሁን ግን የምትናገረው ስለ ሌላ ልጅ ነው። ይህን ለውጥ እኔ ባደርገው ኖሮ ልጁ ምንም አይማርም ነበር።

ስትመለከቱ ላይክ ያደረገውን፣ ሼር ያደረገውን፣ ጓደኞቹ ስሙን ታግ ያደረጉበትንና የአካውንቱን ስም ጭምር እዩ። «ዝግ ነው» ወይም «በ24 ሰዓት ይጠፋል» የሚለው ማጽናኛ አያዋጣም፤ አንድ ስክሪንሹት ይበቃል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ቢያንስ ለ10 ተማሪዎች ሰጥቶት የነበረውን ቅበላ የሰረዘው በዝግ የፌስቡክ ቡድን ውስጥ በተለዋወጡት ጸያፍ ምስሎች ምክንያት ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ካይለር መሪም በዲሴምበር 2018 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማንን ዋንጫ ባሸነፈበት ሌሊት፣ 14 እና 15 ዓመቱ ሳለ የጻፋቸው ነውረኛ ቃላት ወጥተው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገድዷል። የልጅነት ጽሑፍ አድጎ ሲመጣ እንዲህ ነው።

ከጸዳ በኋላ ገጹ ላይ ሙሉ ስሙ፣ ሃይስኩል የሚጨርስበት ዓመት፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ቁመቱ፣ የቡድኑ ስምና አሠልጣኝ የሚያገኝበት ኢሜይል ይኑር፤ የቤት አድራሻና ስልክ ግን አይለጠፍም። ምርጥ እንቅስቃሴዎቹን የያዘ አጭር ቪዲዮ ከላይ ይሰካ፤ የትኛው ተጫዋች እሱ እንደሆነ በምልክት ይታይ፤ ጥሩው ነገር መጀመሪያ ላይ ይምጣ፤ አሠልጣኝ እስከ መጨረሻው ላይታገሥ ይችላልና። ይህን የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል ለአሠልጣኞች የሚልከው ግን ልጁ ራሱ ይሁን፤ በእናቱ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ በጥቂት መስመሮች ይታወቃል።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። «ወኪል ነኝ» ወይም «አሠልጣኝ ነኝ» ብሎ በውስጥ መልእክት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ስሙን በኮሌጁ የስፖርት ክፍል ድረ ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት አሠልጣኞች ጋር ያመሳክሩ፤ ቦታ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ሐቀኛ አይደለም። በቃል የተሰጠ የስኮላርሺፕ ተስፋም ማንንም ስለማያስር፣ ልጅዎ «ተቀበሉኝ» ብሎ ከመለጠፉ በፊት የተባለው ምን እንደሆነ ከአሠልጣኙ በግልጽ ይጠይቅ።

የእርስዎን ኮሜንት በተመለከተ ልጅዎን ያሳፈረው ፍቅርዎ አይመስለኝም፤ ገጹን የሥራ ማመልከቻ አድርጎ ማየት ስለጀመረ ነው። ደስታዎን ከጨዋታው ሲመለሱ መኪና ውስጥ ይንገሩት። በራስዎ ገጽ ላይ ግን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ልጄ ለምን ተጠባባቂ ሆነ ብሎ አሠልጣኙን የሚወቅስ ወላጅ የጻፈውን ሌላ አሠልጣኝ ሊያነበው ይችላል። እስከ ጁን 15 ድረስ ልጅዎ የሚፈልጋቸውን ኮሌጆች ስም በወረቀት ላይ ያስፍር፤ እርስዎም የሚጽፈውን የመጀመሪያ ኢሜይል ከመላኩ በፊት አንብበው ሐሳብ ይስጡት፤ ሲልከው ግን ራሱ ይላከው።