ጠይቁኝ፦ የፖለቲካ ዜና ስለማመን ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት የሬዲዮ ዜና አርታኢ ነበርኩ። አሁን ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብያለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ፤ «ገለልተኛው ሚዲያ የቱ ነው?» ግን አትበሉኝ።

የደጀኑ፦ ጋሼ፣ ታዲያ የቱን እንስማ?

መልስ፦ ኧረ ገና ከመጀመራችን! ደሞዙን ማን እንደሚከፍል እወቁና ሁሉንም ስሙ። አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) የክልሉ መንግሥት ነው። በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ የጀመረው ዶይቼ ቬለ በጀርመን መንግሥት በጀት ይሠራል። ዩቲዩበሩን የምታበሉት ደግሞ እናንተው ናችሁ።

የብቸናዋ፦ የመንግሥት ሚዲያ ሁሌ ይዋሻል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ወገንተኛ ሌላ፣ ውሸታም ሌላ። «መንገድ ተመረቀ» ካለ ተመርቋል። ስንት ዓመት እንደዘገየ ነው የሚዘለው። የራሱን ወገን የሚያሳፍር ነገር ሲያወራ ግን ጆሮ ስጡት፤ ያን ፈልጎ አይፈጥርም።

ባለቅኔው፦ ቋንቋው ላይስ ምን እንይ?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ግሱን እዩ! የሞተው ያው አንድ ሰው ነው። አንዱ «ተሰዋ» ይላል፣ ሌላው «ተደመሰሰ»፣ ሦስተኛው «ሕይወቱ አለፈ»። የወደዱት ባለሥልጣን «አረጋገጡ»፤ የጠሉት «ዛቱ»። ከሁሉ የሚብሰው ግን «በተፈጠረ ግጭት ጉዳት ደረሰ» ነው። ማን ፈጠረው? ማን ላይ ደረሰ? አማርኛችን አድራጊውን ሳይጠራ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሮ ይዘጋል። እኔ ራሴ ስንቴ እንዲህ ጽፌ በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ። እርሳስ ያዙና «ተደረገ»፣ «ተወሰደ»፣ «ተገደለ» የሚለውን ሁሉ አክብቡ፤ ጎኑ ላይ «በማን?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ያጣው ከበዛ የተደበቀ ሰው አለ። የቅኔ ቤቶቹ፣ የዋሸራና የዲማ አገር ሰው ሰምና ወርቅ ሲለይ አድጎ ዜና ላይ ሰሙን ሲውጥ ይገርመኛል።

ስም የለሽ፦ ቴሌግራም ላይ ያየሁት እውነት ነው?

መልስ፦ የቱ?

ስም የለሽ፦ የትናንቱ ፎቶ።

መልስ፦ አሁንም የቱ? ጎግል ሌንስ በሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ላይ ጫነው፤ የሌላ አገር ፎቶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀኑንም እይ። በፈረንጅ 2016 የወጣን ወሬ የእኛ 2016 ነው ብለው ያሰራጩታል።

የደጀኑ፦ ባለፈው «የጤፍ ዋጋ ተረጋጋ» ሲሉ ሰማሁ። እኛ ገበያ አልደረሰም።

መልስ፦ ማን ነው የተናገረው? የቢሮ ኃላፊው ብቻ ከሆነ የቢሮ ዜና ነው። ገዢና ሻጭ አልተጠየቁም።

አዲስ አበባ ያለሁት፦ ጤፍ ከተባለ የአድአ ነው።

የብቸናዋ፦ አንተ የብቸናን ማኛ ቀምሰህ ታውቃለህ?

የደጀኑ፦ ደጀንን ረሳችሁት እንዴ?

አዲስ አበባ ያለሁት፦ እንጀራው ይመስክር።

መልስ፦ እባካችሁ፣ ስለ ዜና ነው የምናወራው። ማኛው ግን የብቸና ነው። ያው ወገንተኛ ነኝ፤ ቢያንስ ተናግሬ ነው።

የቡሬው፦ ሐሰተኛ ዜና ሼር ማድረግ ያስከስሳል?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ዝርዝሩን ጠበቃ ጠይቅ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ገለልተኛው ሚዲያ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ፤ ግን በአጭሩ?

መልስ፦ በአጭሩ፦ ከላይ አንብብ።