ቶሮንቶ የሚሸጠው፣ ጅማ የሚያሳስረው፦ ስለ ካናቢስ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ካናቢስ፣ ማለትም እኛ ጋ ጋንጃ ወይም ሀሺሽ ስለሚባለው፣ ሳታፍሩ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ከውጭ ሀገር ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ዲቪ ደርሶታል፣ ሌላዋ እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። የሰው ስም አላወጣሁም።

ጥ፦ ካናዳ ያለው ወንድሜ ሱቅ ገብቶ እንደ ሲጋራ ይገዛል። እዚህስ ለግል ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው?

መ፦ ያሳስራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሸጥና ማዘዋወርን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። ማብቀልም፣ መያዝም፣ መጠቀምም ወንጀል ነው። ንግድ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። «ለራሴ ነው» ማለት ግን ከክስ አያወጣም። ጓሮ ከቡናው ሥር የተደበቀችው አንዲት እግርም ያው ናት።

ጥ፦ ሻሸመኔ ግን ተፈቅዷል ይባላል?

መ፦ ወሬ ነው። ራስታዎቹ ንጉሡ በሰጡት መሬት ላይ ሰፈሩ እንጂ የራሳቸው የወንጀል ሕግ አልተሰጣቸውም።

ጥ፦ እና የት የት ነው በትክክል የተፈቀደው? ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል።

መ፦ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቀዳሚዋ ኡራጓይ ናት፣ 2013። ካናዳ በጥቅምት 2018 ተከተለች። ጀርመን በሚያዝያ 2024። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 ለአዋቂ ሰው፣ በግል ቦታ፣ ለግል ፍጆታ ፈቅዷል፤ መሸጥ ግን አልተፈቀደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሆላንድ ላይ ነው። እዚያ ሕጉ አልተነሣም፤ «ኮፊ ሾፕ» የሚባሉት የታወቁት ቤቶች በትንሹ ሲሸጡ መንግሥት አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የተፈቀደበት ሀገርም ቢሆን ልክ አለው። ካናዳ ውስጥ በአደባባይ መያዝ የሚቻለው እስከ 30 ግራም የደረቀ ነው። ዕድሜው በአብዛኛው ክፍለ ግዛት 19፣ ኬቤክ 21 ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ውጭ 25 ግራም፣ ቤት 50 ግራም፣ ሦስት እግር ተክል። ሱቅ ግን የለም። በክበብ አባልነት ነው የሚገኘው፤ አባል ለመሆን ቢያንስ ስድስት ወር እዚያ መኖር ያስፈልጋል። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት በርሊን የሄደ ሰው መንገድ ላይ ከገዛ የገዛው ከሕገ ወጥ ነጋዴ ነው።

ጥ፦ ዲቪ ደርሶኛል። ሜሪላንድ ነው የምገባው፤ ተፈቅዷል አሉኝ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ችግር የለውም አይደል?

መ፦ ከሁሉም በላይ እንድታነቡት የምፈልገው ይሄን ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ፈቅዳለች፣ እውነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልፈቀደም። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በክፍለ ግዛቱ ሕግ ምንም ሳያጠፋ፣ መጠቀሙን በማመኑ ብቻ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽበት ይችላል። ዜግነት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በ2019 ይህንን በግልጽ አስቀምጧል። እዚያው በተፈቀደ ሱቅ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ሊያስጠይቅ ይችላል። ጎረቤትህ ፓስፖርት ይዞ በረንዳው ላይ ቢያጨስ እሱ ዜጋ ነው። አንተ ገና ነህ።

የጭነት መኪና ለመንዳት ያሰባችሁም ስሙኝ። የመንጃ ፈቃዱ የፌዴራል የሽንት ምርመራ አለው። ቲ.ኤች.ሲ፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ቶሎ አይወጣም። አልፎ አልፎ ለሚወስድ ቀናት፣ በየቀኑ ለሚወስድ ከወር በላይ ሊታይ ይችላል። «የወሰድኩት ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ስነዳ ሰክሬ አልነበርኩም» ብትል ሰሚ የለህም።

ጥ፦ ቶሮንቶ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። 34 ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ልሞክረው ብልስ? አትቆጣኝ።

መ፦ ምን ያስቆጣኛል? አዋቂ ነሽ፣ እዚያም ሕጋዊ ነው። ባትሞክሪው ደስ ይለኛል፤ ከሞከርሽው ግን እንዲህ አድርጊ።

ፈቃድ ካለው ሱቅ ግዢ። ዕሽጉ ላይ የግብር ቴምብርና የቲ.ኤች.ሲ መጠኑ አለ። ከሰው እጅ የመጣ የሚጨስ ካርትሪጅ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ መያዣ፣ አትንኪ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል የገባው በዋናነት ቫይታሚን ኢ አሲቴት በተቀላቀለበት ሕገ ወጥ ፈሳሽ ነው።

ሰው የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሚበላው ነው። የተጨሰው በደቂቃዎች ይሰማል፤ ከረሜላውና ኬኩ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «ምንም አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛውን መዋጥ እዚህ ጋ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይነሣሉ። ጉበት ቲ.ኤች.ሲውን ወደ ጠንካራ ዓይነት ስለሚለውጠው እስከ ማታ ሊይዝሽ ይችላል። ለጀማሪ 2.5 ሚሊግራም ይበቃል። ካናዳ ውስጥ አንድ ዕሽግ ከ10 አይበልጥም፤ ስለዚህ አንዱን ዕሽግ በአራት መክፈል ነው። ብቻሽን አትሁኚ፣ አልኮል አትቀላቅዪ፣ የዚያን ቀን መኪና አትንኪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም። ከቤተሰብ መካከል የአእምሮ ሕመም፣ በተለይ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ካለም እንደዚያው።

የተረፈውን ሻንጣ ውስጥ ይዘሽ እንዳትመጪ። ከካናዳ ይዞ መውጣቱ እዚያ ወንጀል ነው፤ ቦሌ ይዞ መግባቱ ደግሞ እዚህ። መንገድሽ በዱባይ ወይም በጅዳ ከሆነ የባሰ ነው።

ጥ፦ ልጄ የላከችልኝ ዕቃ ውስጥ የድብ ቅርጽ ያለው ከረሜላ አለ፤ የቅጠል ሥዕል አለበት። ለልጅ ልጆቼ ልስጥ?

መ፦ እማማ፣ በፍጹም እንዳይሰጡ። ቅጠሉ ባለ ሰባት ጣት ከሆነ ያው እሱ ነው። ለልጅ አንዷም ብዙ ናት፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አተነፋፈሱም ሊከብድ ይችላል። ቀድሞ በልቶ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል፤ ዕሽጉንም ይዘው። ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩት፤ ሐኪሙ የሚፈልገው መጠኑን ማወቅ ነው።

ጥ፦ በርጫ ላይ ከመረቀንኩ በኋላ ትንሽ ስስብ ምርቃናው ይለሰልስልኛል። ጉዳት አለው?

መ፦ ሕጉን ከላይ ብያለሁ፤ አሁን ስለ ሰውነትህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ካናቢስም ልብን ያፈጥናል። ራስህ ለሰለሰልኝ ትላለህ፣ ልብህ ግን ሁለት ጭነት ተሸክሟል። በዚያ ላይ ጨብሲው አለ። ሦስቱን በአንድ ምሽት የደራረበ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገው እንኳ አያውቅም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጭንቅላት ነው። ያለ እንቅልፍ ማደር፣ ብዙ መቃምና በየቀኑ ማጨስ አንድ ላይ ሲሆኑ «ሰዎች ይከታተሉኛል፣ ስለ እኔ ያወራሉ» የሚል ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። ያ ስሜት ከምርቃናው በኋላም ካልለቀቀህ ጠበል ሂድ የሚልህ፣ ሼህ ጋ እንሂድ የሚልህም ይኖራል። ሂድ፣ ማንም አይከለክልህም። ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ጎን ለጎን ሂድ። የመጀመሪያው ወር ላይ የመጣና ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ሰው እኩል አይድንም።

ጥ፦ ሱስ አያስይዝም ይባላል። እውነት ነው?

መ፦ አይደለም። ከሚጠቀሙት ከአሥሩ አንዱ ያህል ሱስ ይይዘዋል። ከ18 ዓመት በፊት የጀመረ ከሆነ ከስድስቱ አንድ ይሆናል። ሲያቆም እንቅልፍ ያጣል፣ ይበሳጫል፣ ምግብ ይዘጋበታል።

ጥ፦ መድኃኒት ነው፣ ካንሰር ይፈውሳል የሚሉስ?

መ፦ ካንሰር ይፈውሳል የሚለው አልተረጋገጠም። የተረጋገጠ ነገርም አለ፤ ሲ.ቢ.ዲ ከሚባለው፣ ከማያሰክረው ንጥረ ነገሩ የተሠራ መድኃኒት ለሕፃናት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በ2018 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። በሐኪም ትዕዛዝ፣ በሚሊሊትር ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ከመንደር ከሚገዛው ጥቅል ጋር አይገናኝም።

ጥ፦ እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ አለኝ። ለንደን ያለችው እህቴ የደረቀ ጫት ላኪልኝ ትለኛለች። እዚህ ሕጋዊ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መ፦ አለው። እንግሊዝ ከሰኔ 2014 ጀምሮ ጫትን ከተከለከሉ ዕፆች መድባለች፤ አሜሪካና ካናዳም ማስገባቱን አይፈቅዱም። እሽጉ ሲያዝ የምትጠየቀው ተቀባይዋ ናት። ቡና ላኪላት።